ዳማው ፈረስ ያልሠራው ኃጢአት

አስካልዬ፣

ከተለየሽኝ ሰባት ወር ሞላ። የነጠለን የዳማው ፈረሳችን ርግጫ ነው ይላል ሰው። የሠርግ መጥሪያ እንኳ በቀይ እስክሪብቶ ስለማርም ትስቂብኝ ነበር፤ ይህን ደብዳቤ ግን አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

ቤቱ እንደ ነበረ አይደለም። የተከልሽው ሎሚ ደርቋል፤ የጋጣው በር በጥይት ተበሥቷል። በተቀበርሽ በሦስተኛው ቀን ልጃችን አሸናፊ ክላሹን ይዞ ከሮቢት መጣና፣ «የእናቴን ደረት ያፈረሰ ፈረስ ገብስ እየቆረጠመ አይኖርም!» ብሎ ተኮሰ። እጁን ስለ መታሁት በሩን አገኘው። ከፊቱ ቆሜ፣ ዳማው በጥምቀት ማግስት ከዋጃ እስከ ሮቢት በሚደረገው ግልቢያ በስምሽ ይሩጥ አልሁ። «ይሩጥ፤ የምጋልበውም እኔ ነኝ። መንገድ ላይ ልቡ ካልፈነዳ ሮቢት ላይ እጨርሰዋለሁ» አለኝ። ሰዉ ለፍቅርሽ ያደረግሁት መሰለው። እኔ ግን ፈርቼ ነበር።

መስከረም ሲጠባ ፈረሱን ማዘጋጀት ጀመርሁ። ሣሩን ቀንሼ ገብስና ሽምብራ ጨመርሁለት፤ ላቡ ሳይደርቅ ውኃ ከለከልሁት፤ የአራት ሰኮናውን ናል፣ የብረት ጫማውን፣ አስቀየርሁ። በመጀመሪያ ባዶ ጀርባውን፣ ቀጥሎ አሸዋ የሞላ ጆንያ ጭኜ፣ በጎሊና ወንዝ ደረቅ አሸዋ ላይ ጎን ለጎን ተጓዝን። የእኔም ጉልበት አበጠ።

በኅዳር አሸናፊ ኮርቻው ላይ ወጣ። ከዚያ በኋላ ልምምዱ ድብደባ ሆነ። ልጓሙን ሲጎትተው የፈረሱ አረፋ በደም ይቀላ ነበር፤ በጅራፍ የተተለተለ ጎኑን ዝንብ ወረሰው። ትንፋሹን ለመጨረሻው ሜዳ አቆይለት፣ በአሸዋው ላይ አታስፈርጥጠው እያልሁ ልጁን እመክረው ነበር። ስለ ጅራፉ ግን አንዲት ቃል አልተናገርሁም።

ለጥምቀት ሦስት ቀን ሲቀረው ዳማው በጎሊና አሸዋ ላይ በጉልበቱ ወደቀ። አሸናፊ ወረደና በጠመንጃው ሰደፍ ፊቱን መታው። አንድ ዓይኑ ፈሰሰ። ሰደፉን ዳግመኛ ሲያነሣ ክንዱ ላይ ተንጠለጠልሁ፤ እስከዚያች ሰዓት የደበቅሁትም ከአፌ ወጣ።

ያን ማለዳ፣ አንቺ ከቤተ ክርስቲያን ሳትመለሺ፣ ናል ልመታለት ብል እግሩን አልሰጥ አለኝ። እልኸኛነቴን ታውቂዋለሽ። ከግንድ አስሬ የኋላ እግሮቹን በብረት ዘንግ ደበደብኋቸው። ንዴቴ ሲበርድልኝ ትቼው ወጣሁ። እንደ ልማድሽ ሰኮናውን ልትጠርጊ ጎንበስ ስትይ፣ እግሩ መቍሰሉን የነገረሽ ሰው አልነበረም። የጎድን አጥንትሽ ሲሰበር ከአጥር ማዶ ሰማሁት።

አሸናፊ ሰምቶኝ ሲያበቃ በቡጢ መታኝ። ሁለት ጥርሶቼን ከአሸዋው ላይ ለቀምሁ።

አባቱን የመታ ልጅ ድንጋይ ተሸክሞ በሽማግሌ ፊት ይቅርታ ይለምናልና፣ በማግሥቱ ሽማግሌዎቹ ከዋርካው ሥር ተቀመጡ። ስንቱን ልጅ እዚያው ተቀምጬ ድንጋይ አሸክሜአለሁ! አሸናፊ ሊያነሣው ሲያጎነብስ ቀደምሁትና በገዛ ማጅራቴ ላይ ጫንሁት፤ በልጄ ፊትም ቆምሁ።

«አያ መኰንን፣ አበድህ እንዴ? አባት ለልጁ?» ብለው ጮኹ። ድንጋዩን እንደ ተሸከምሁ ሁሉንም ነገርኋቸው።

አሸናፊ ቶሎ አላወረደልኝም። አንገቴ ተንቀጠቀጠ፤ የአፌ ቍስል እንደ ገና ደማ። በመጨረሻ አንሥቶ ወረወረውና፣ «ያወረድሁልህ ስለ እማዬ ነው፤ ስለ አንተ እንዳይመስልህ» አለኝ።

ግልቢያው ያለ እኛ ተካሄደ። በዚያው ቀን አሸናፊ አንድ ዓይኑን ያጣውን ዳማ ሳይቀመጥበት፣ በእግሩ እየመራ ወደ ሮቢት ወሰደው። ጠመንጃውን ግን በእኔ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ሄደ። አልተሰናበተኝም።

አስካልዬ፣ በሰኔ ሙት ዓመትሽ ሲወጣ፣ ሕዝቡ በተሰበሰበበት ቆሜ የማን እጅ እንደ ገደለሽ እናገራለሁ። በሚመጣውም ዓመት፣ ከዚያም በሚቀጥለው፣ አንደበቴ እስካልተዘጋ ድረስ እናገራለሁ። ደግነትሽን ሌላው ያስታውስ። እኔ አሟሟትሽን ሳላሳንስና ሳላሳምር አስታውሳለሁ።

ባልሽ መኰንን