ቀፎው ለወንድሜ፣ አበባው ለኔ

ውድ አባዬ፣

ከተለያየን ዓመት አልፎ ሌላ ክረምት ወጣ። በመቃብርህ ላይ የበቀለው ሣር ሁለት ጊዜ ታጭዷል። እንደምን ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ ደህና መሆንህን አላውቅም፣ ደህና እንድትሆንም ሁልጊዜ አልመኝም። ይህን ስጽፍ እጄ አልተንቀጠቀጠም። አንተ ያሠለጠንከው እጅ ነው፤ ንብ ሲወርረውም አይንቀጠቀጥም።

ስለ ቤቱ ልንገርህ። እማዬ ወንበርህን ወደ ጓዳ አስገብታ የታጠበ ልብስ ትከምርበታለች። ከጓሮ ያለው ብሳና ትልቁ ቅርንጫፉ በነፋስ ተገንጥሎ ወድቋል። ጭስ የምትይዝበት ገል እኔ ጋ ነው። ወንድሜ ድሪባ በሌለበት ገብቼ ወሰድኩት፤ ሰረቅሽ ካለኝ አዎ፣ ሰርቄያለሁ።

አምቦ ውስጥ አሁንም ያንተ ስም ሲነሣ ሰው ይስቃል። “ሰው ከብት ይዞ ሣር ይከተላል፣ ኦቦ ዋቅጅራ ንብ ይዞ አበባ ይከተላል” ይሉህ ነበር። ሌላው ቀፎውን አንድ ዛፍ ላይ ሰቅሎ የመጣለትን ሲጠብቅ፣ አንተ ግን ቀፎዎችህን በጋሪ ጭነህ መንገድ ትገባለህ። አደይ አበባ ቆላው ላይ ቀድሞ እንደሚፈነዳ፣ ከዚያ ቀን በቀን ሽቅብ እንደሚወጣ ያወቅኩት ካንተ ነው። መስከረም ሲጠባ ጉደር፣ ቀጥሎ የጌዶ ዳገት፣ ሌላው አገር ቢጫውን ሲጨርስ ደግሞ ሐሮ ወንጪ፣ ከሐይቁ በላይ ያለው ብርድ። “አበባ እንደ ሽማግሌ ነው፤ ዳገቱን ቀስ ብሎ ይወጣዋል፣ ግን አይቀርም” ትለኝ ነበር። ከትምህርት ቤት አስቀርተህ ይዘኸኝ ስትሄድ እማዬ ትጮሃለች፤ አንተ ደግሞ “ይቺም ትምህርት ናት” ብለህ ጋሪው ላይ ትሰቅለኛለህ።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ዓመት ስልክ የደወልክልኝ ቀን ትዝ ይልሃል? በልተሻል ወይ፣ በርዶሻል ወይ ብለህ አልጠየቅከኝም። “ኢንተላ ኮ፣ እዚያ ምን አብቧል?” አልከኝ። ልጄ ማለትህ ነው፤ ሲከፋህም ሲደላህም እንዲያ ነበር የምትጠራኝ። ምን እንዳበበ አላውቅም ነበር፤ አፈርኩ። በማግስቱ ታክሲ ይዤ እስከ አቃቂ ወረድኩ። አቃቂ ወንዝ ዳር ያለው ሜዳ ቢጫ ሆኗል። እንጦጦ ወጣሁ፤ አረንጓዴ ነው፣ ገና ነው። ደውዬ ስነግርህ “ሽቅብ እየወጣ ነው፣ ሳምንት ጠብቂና ተመለሺ” አልከኝ። ተመለስኩ። ኮልፌ ጀርባ፣ ቡራዩ፣ የካ፣ ሱሉልታ፤ ያን ትልቅ ከተማ ዙሪያውን በአበባ አወቅኩት። ጓደኞቼ ቅዳሜ ፒያሳ ሲሄዱ እኔ ጭቃ በጫማዬ ይዤ ስመለስ “ፍቅረኛሽ ገበሬ ነው እንዴ?” ይሉኝ ነበር። አዎ እላቸው ነበር። ያኔ የምወደው ሰው ገበሬ ነበር፣ አባዬ። አንተ ነበርክ።

በጥቅምት ደግሞ በነገርኩህ መሠረት ቀፎዎቹን በአይሱዙ ጭነህ ሱሉልታ ድረስ መጣህ። ሜዳው ዳር ላይ ሆነን ስንሰቅላቸው አንድ ዘበኛ “ይሄ ሰውዬ ቦምብ ነው የሚሰቅለው?” ብሎ ሲሮጥ፣ አንተ “ቦምብስ አንዴ ነው የሚፈነዳው!” አልከው። በመንገዱ ሁሉ ሳቅን። የሁለታችን ሥራ ነው ብዬ አመንኩ። እኔ አበባውን አገኛለሁ፣ አንተ ዛፉን ትወጣለህ።

ዛፉን የምትወጣው ሁልጊዜ አንተ ነበርክ። ደንብህንም አውቃለሁ፤ የአባትህና የአያትህም ደንብ ነው ብለኸኛል። ማር ሲቆረጥ የመጀመሪያው ቁራሽ ዛፉን የወጣው ሰው ድርሻ ነው። እዚያው ቅርንጫፉ ላይ ተቀምጦ፣ ማንም ሳይቀምስ፣ እሱ ይበላል። ሁለተኛው ሥር ለቆመው ይወረወራል። እኔ ሥር ሳፋ ይዤ፣ አንገቴን አቅንቼ፣ አፌን ከፍቼ እጠብቅሃለሁ። ስታላምጥ ከታች ይሰማኛል። አንገቴ ያመኛል፤ ግን ሁለተኛው ቁራሽ ሲወድቅልኝ በዓለም ላይ ከኔ የበለጠ የተወደደ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። የመጀመሪያው ለምን አይደርሰኝም ብዬ የጠየቅኩህ አንድ ቀን ብቻ ነው። “ስታድጊ” አልከኝ።

አደግኩ። ዲግሪዬን ይዤ መጣሁ፣ ጉደር ባዮሎጂ አስተማሪ ሆንኩ። በቀፎ ውስጥ የሚሠሩት ሁሉ ሴቶች ናቸው፤ ወንዶቹ፣ ድንጉላዎቹ፣ በልተው ይተኛሉ፤ ቀለብ ሲያንስ ሴቶቹ እየጎተቱ ደጅ ይጥሏቸዋል ብዬ ስነግርህ እንባህ እስኪመጣ ስቀህ “ይሄንን ለእናትሽ እንዳትነግሪያት” አልከኝ። እኔም ሳቅኩ። መሳቅ አልነበረብኝም።

ከዚያ ታመምክ። በነሐሴ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ታላቅ ወንድምህ ኦቦ ፈይሳና ሽማግሌዎቹ አልጋህን ከበው ተቀመጡ። እኔ ከንፈርህን በእርጥብ ጥጥ እያራስኩ ነበር። “ቀፎዎቼ ለድሪባ ናቸው” አልክ። ድሪባ በሕይወቱ አንድም መስከረም አብሮህ መንገድ ያልገባው፣ ንብ ሲያይ ባጃጁ ውስጥ ገብቶ ሸራ የሚዘጋው ድሪባ። ኦቦ ፈይሳ ራሳቸው ሳይቀሩ ወደኔ ዞረው አዩኝ። አንተ ግን ጨመርክበት፦ “ሴት ዛፍ አትወጣም። ሌንሴ ተምራለች፣ የሷ አያሳስበኝም።”

አየህ፣ አባዬ፣ የሚሞት ሰው ብዙ አይናገርም፤ የቀረውን ትንፋሽ መርጦ ነው የሚጠቀምበት። አንተ ያንተን ለዚህ አዋልከው። ጥጡን ውሃ ውስጥ ነከርኩና ከንፈርህን እንደገና አራስኩ። እጄ ያኔም አልተንቀጠቀጠም።

አሁን ንቦችህ እንዴት እንደሞቱ ልንገርህ። ማንም መቃብርህ ድረስ መጥቶ እንዳልነገረህ አውቃለሁ፤ እኔ ግን እነግርሃለሁ።

በሞትክ በመስከረም ድሪባ ቀፎዎቹን ጉደር አምጥቶ ሰቀለ። አበባው አለፈ፤ ወደ ጌዶ ለመሄድ ተነሣ። አንተ ስታጓጉዝ ፀሐይ ስትጠልቅ ጠብቀህ፣ አፋቸውን አየር በሚያስገባ ሣር ትወትፍ ነበር። እሱ እኩለ ቀን ላይ አይሱዙ አቁሞ አፋቸውን በፌስታል ጠቀጠቀው። ከክፍል ወጥቼ እየሮጥኩ መጣሁ። ጠመኔ እጄ ላይ ነበር። “ድሪባ፣ ፌስታሉን አውጣው፣ ይታፈናሉ! ማታ እስኪሆን ጠብቅ!” አልኩት። ሹፌሩን እያየ ሳቀብኝ። “አስተማሪ፣ ሂጂ ልጆችሽን አስተምሪ። ውርሱ የማን እንደሆነ ሰምተሻል።” ሹፌሩም አብሮት ሳቀ። ፌስታሉን በእጄ ላወጣው ስል ገፈተረኝ፤ አቧራው ላይ ተቀመጥኩ። ተማሪዎቼ አጥሩ ላይ ሆነው ያያሉ። ከዚያ ደግሞ ወዲያው አልሄዱም፤ ምሳ ሊበሉ መኪናውን ፀሐይ ላይ አቁመው ገቡ።

አመሻሽ ላይ ከጌዶ ደወለልኝ። ደስ ብሎታል። “አየሽ” አለኝ፣ “ዝም ብለዋል። አንዲትም አትጮህም። ለምደውኛል።”

ለምደውኛል አለ፣ አባዬ።

ቀፎዎቹን ሲከፍቷቸው ሰሙ ቀልጦ ማሩ ከሬሳቸው ጋር ተለውሶ ጥቁር ገንፎ ሆኖ ፈሰሰ። አንተ ከአባትህ የተረከብከው ዘር፣ ከጉደር ወንጪ፣ አልፎ እስከ ሱሉልታ አብረን የነዳነው መንጋ፣ በአንድ ምሳ ሰዓት አለቀ። የጌዶ ውሾች እንኳ አሽትተው ትተውት ሄዱ። ይህን ያደረገው አንተ የመረጥከው እጅ ነው። ባትመርጠው አይገድላቸውም ነበር።

ከዚያስ? ጥፋተኛዋ እኔ ሆንኩ። ኦቦ ፈይሳ ቤት ተሰብስበው “ምላስሽ ነው የገደላቸው፤ ይታፈናሉ ብለሽ ሟረትሽ፣ ታፈኑ” አሉኝ። ድሪባ አንገቱን ደፍቶ የተበደለ መስሎ ተቀምጧል። እማዬ ጉልበቴን በእጇ ጫን አድርጋ “ተይ፣ ልጄ፣ ዝም በይ” ትለኛለች። “ምላሴን የዚያች የአጥፊዋ ንግሥት የዮዲት ካላችሁት የዮዲትን እጅም ስጡኝ፣ እሱንም አሳያችኋለሁ” ብያቸው ተነሣሁ። ኦቦ ፈይሳ “አዲስ አበባ ሂጂ፣ እዚያ ለሴት ሥራ አለ” አሉኝ ከኋላዬ። ሰው ከርስቱ ሲነቀል የሚሰጠው ምክር ሁልጊዜ የአውቶቡስ መንገድ ነው።

አልሄድኩም። በጋውን ቀርከሃ ሰነጠቅኩ፣ ጠረብኩ፣ ቀፎ ጎነጎንኩ፤ በእበት ለቀለቅኩ፣ ባንተ ገል የወይራ ጭስ አጠንኳቸው። ክረምቱ ሲያባራ የሚሰቅልልኝ ወንድ ፈለግኩ፤ ሁሉም ድሪባን ይፈራሉ፣ ወይ ይሉኝታ ይይዛቸዋል። ስለዚህ ሱሪ ለበስኩና ጠፍር ወገቤ ላይ አሥሬ አንተ ቀፎ ትሰቅልበት የነበረውን የጉደር ዋርካ ራሴ ወጣሁት። ሥር ሰው ተሰበሰበ። አንዲት ሴትዮ “ዋቃዮ! የኦቦ ዋቅጅራ ልጅ አበደች!” ብላ ደረቷን መታች። ከላይ ሆኜ “ካበድኩስ ገመዱን አቀብዪኝ!” አልኳት። አቀበለችኝ። እያጉረመረመች፣ ግን አቀበለችኝ።

ያን ዛፍ መውጣት ከባድ እንዳይመስልህ። አንተም ከባድ እንዳልሆነ ታውቅ ነበር። ለዚህ ነው እንድወጣ ያልፈቀድክልኝ።

በመስከረም ንብ ገባ። ንቦቹ ማን እንደሰቀለላቸው አልጠየቁም። አደዩ ጉደርን ቢጫ ሲያለብስ እዚያ ነበርኩ። ሽቅብ ሲወጣ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ጠብቄ አፋቸውን በሣር ወትፌ፣ በጋሪ፣ ከዚያም በአይሱዙ፣ ጌዶ አደረስኳቸው። በየመንገዱ እየወረድኩ ጆሮዬን ቀፎው ላይ እለጥፍ ነበር። ይጮሃሉ። ይሳደባሉ። በሕይወቴ እንዲያ ደስ ያለኝ ስድብ የለም። በመጨረሻ በፈረስ ወንጪ አወጣኋቸው፣ ከሐይቁ በላይ፣ ብርዱ ጥርስ የሚያንገጫግጭበት ያንተ ኮሶ ዛፍ ላይ።

ባለፈው ሳምንት ማሩን ልቆርጥ ስወጣ ድሪባ መጣ። ያለውን ጠራርጎ የጨረሰ ሰው ፊት ነው ያለው፤ ከስቷል። ሳፋ ይዟል። “የአባታችን ንብ ነው፣ ሌንሴ። መንገዱም የአባታችን ነው። ግማሹ የኔ ነው” አለኝ። ገሉን ይዤ ወጣሁ። ሲጨስብኝ ዓይኔ አነባ፤ ጭሱ ነው፣ ሌላ አይምሰልህ። ቀፎውን ከፈትኩት። የማሩ እንጀራ ነጭ፣ የሰባ፣ እስከ ጫፉ የታሸገ ነበር።

የመጀመሪያውን ቁራሽ ቆረጥኩ። ቅርንጫፉ ላይ ተቀመጥኩ። ሐይቁ ከታች ነው፤ ዙሪያውን የሸፈነው ቢጫ አበባ እየደረቀ፣ ፀሐይዋ እየሄደች። በላሁት፣ አባዬ። ትኩስ ነው፤ ለካ ትኩስ ነው! አንተ ስትወረውርልኝ መሬት እስኪደርስ በርዶ ኖሯል፤ ይህን አልነገርከኝም። ዕድሜዬን ሙሉ የቀዘቀዘ ስታበላኝ፣ ትኩሱን እያላመጥክ ከላይ ታየኝ ነበር።

እንድረሳህ አትፍራ። አበባ ባየሁ ቁጥር አስታውስሃለሁ፤ አገሩ ደግሞ አበባ አያጣም። ጋሪው ላይ የሰቀልከኝን፣ እዚያ ምን አብቧል ያልከኝን አስታውሳለሁ። በነሐሴ ከዚያ አልጋ ላይ ያልከውንም አስታውሳለሁ። ሰው ሟቹን ከፋፍሎ መልካሙን ብቻ ያስቀራል፤ እኔ አልከፋፍልህም። ሙሉህን ነው የምይዝህ።

ድሪባ ሥር ቆሞ አንገቱን አቅንቶ፣ አፉን ከፍቶ እየጠበቀ ነበር። “ሌንሴ፣ ቀመስሽ አይደል፣ ወርውሪልኝ እንጂ” አለ። አንገቱ የት ጋ እንደሚያመው አውቃለሁ። ሁለተኛውን ቁራሽ ቆረጥኩ። ትንሽ ያዝኩት፣ እንዲያየው።

እሱንም በላሁት።

ልጅህ ሌንሴ