አልሞትኩም፣ ራሒማ

ራሒማ እህቴ፣

ልጄ ደብሪቱ ስልኳን ዘግታ ሳጥንሽ ውስጥ ከማስቆለፏ በፊት የዋትሳፕ ፎቶዋን አንስታ ጥቁር ማድረጓን ያወቅሁት ዛሬ ነው። «ሳምንት ያለ ስልክ ልማር» ማለቷን መፋዛ ላሉት ዘመዶቻችን የነገረ የለም።

ጠዋት የሎሪ ሾፌሩ ከማሉ ከመፋዛ ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ ግቢ ስጠርግ አገኘኝ።

«አንቺ፣ አልሞትሽም እንዴ?»

«ለጊዜው አለሁ» አልኩት።

መፋዛ ያለው ወንድሜ አየነው ጥቁሩን አይቶ፣ ቢደውል ዝግ ሲሆንበት፣ እናቷ ሞታለች ብሎ ድንኳን ተክሏል። ይህስ ያስቃል። ግን በዚህ ረሃብ ለለቀስተኛው የሚቀርብ ስለሌለው ለዘር ያስቀመጠውን ማሽላ ነገ ሊያስፈጭ ነው። ክረምት ሲገባ ምን ሊዘራ ነው?

ቁጥሩን በቃሌ አላውቀውም፤ ያለው የደብሪቱ ስልክ ውስጥ ነው፤ የሳጥኑን ቁልፍ አንቺ ወደ ከሰላ ከተማ ይዘሽው ሄደሻል። ከማሉ «እኔ እነግራቸዋለሁ» ቢልም ድንኳን የተተከለለት ሰው ራሱ ካልታየ ማን ያምናል? አብሬው ሄጃለሁ።

ስትመለሺ ሳጥኑን ክፈቺና ደውዪለት። እስከ እሁድ አልከፍትም ብለሽ ለልጅቱ ምለሻል፤ መሐላው በእኔ ይሁን። መኖሬን ቀስ ብለሽ ንገሪው፣ ልቡ ደካማ ነው።

«ስልክ በላሽ» እያልኩ የነዘነዝኳት እኔ ነኝ። አንቺም ሳጥንሽን ባታውሻት ኖሮ…
ይቅር።

ምስሩ ድስቱ ውስጥ አለ። ደብሪቱ ከስልኩ ጋር የእጅ ባትሪም ትታለችና በጨለማ እንዳትወድቅ እያት። ካልተመለስኩ ሎሪው ተገልብጧል ማለት ነው። ከመሸ ሳንኳኳ ድምፄን ስትሰሙ አትጩሁ፤ አስገቡኝ። ከዚያ በሩን ቆልፊልኝና ዛሬ ማንም አልሞተም ብለን እንተኛ።