በበቅሎዋ ራጅ ላይ ያየሁት እጅ

ደባርቅ፣ ግንቦት 1976 ዓ.ም.

ውድ ክንዴ፣

ደህና ነኝ ብልህ ዋሸሁ። «አባትሽ ሽማግሌዎቼን ለምን መለሱ?» ብለህ ጽፈሃል። አባባን አትውቀስ። ለፋሲካ አምቢኮ፣ እነ አባባ ቤት ነበርኩ፤ ከጓዳ ሆኜ «አልፈልገውም» ያልኩት እኔ ነኝ። ጎንደር በመዛወርህ ያኮረፍኩ መስሎሃል። ወይ ጉድ! ካንተ ጋር እንኳን ጎንደር፣ አሰብም እወርድ ነበር።

ነገሩ የአቶ ደምለው በቅሎ ናት፣ ከዳባት እያነከሰች የመጣችው።

ከኩባ ተምረህ ያንን የራጅ መሣሪያ ወደ እንስሳት ክሊኒካችን ስታስገባ መጀመሪያ ያስተማርከው እኔን ነው። ጨረሩ ቁልፉ ሲጫን ብቻ እንደሚወጣ፣ ሥጋ እንደሚያሳልፈው፣ አጥንት እንደሚያግደው፣ የታገደው ቦታ ፊልሙ ላይ ነጭ ሆኖ እንደሚቀር። «አይታይም፣ አይሸትም፣ ግን ይጎዳል። ጣትሽን ከመንገዱ አርቂ!» ትለኝ ነበር። ጨረር የሚያግደውን የእርሳስ ሽርጥ ሳልታጠቅ፣ የእርሳስ ጓንቱን ሳላጠልቅ ወደ ከብቱ አታስጠጋኝም። አንድ ጊዜ የጓንቴ ጫፍ ፊልም ላይ ቢወጣ ሠራተኛው ፊት ጮህክብኝ። እኔ ጅሏ፣ ቢወደኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ከዚያ ያቺ አዲሷ ረዳት፣ ሸጊቱ፣ ተመድባ መጣች። ጥርሷ ያምራል፣ አልዋሽም። «ጓድ ክንዴ» ስትልህ ጓድ የሚለው ቃል እንኳ ቁልምጫ ይመስላል። 

በቅሎዋ የመጣች ቀን እኔን ፊልም አጣቢ አድርገህ ጨለማ ክፍል ሰደድከኝ፤ የፊልሙን ሳጥን ከበቅሎዋ እግር ኋላ ይዛ ካንተ ጋር የቀረችው እሷ ናት። አጥቤ ስጨርስ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቼ አየሁት። የበቅሎዋ አጥንት መሰንጠቁ ይታያል። ከአጠገቡ የሰው እጅ አለ። ጓንት የለውም፤ የሸጊቱ ቀለበት አለው። በላዩ ላይ ደግሞ ሌላ እጅ፣ ትንሿ ጣቱ ጠማማ። ልጅ ሆነህ ሊማሊሞ ላይ ወድቀህ የሰበርካትን ጣት እኔ ላላውቃት ነው?

አቶ ደምለው ከኋላዬ ቆመው አዩና «እግዚኦ! ሳትሞት አጥንቷን አሳያችሁኝ! ይሄ ጣት ጣት የሚመስለውስ ምኗ ነው?» አሉ።

«ሰኮናዋ ነው፣ አባቴ» አልኳቸው። ምን ልበላቸው?

ስጠይቅህ «እጇ ጨረሩ ውስጥ ሲገባ ስስበው ነው» አልክ። ክንዴ! የተንቀሳቀሰ ነገር ፊልም ላይ እንደሚደበዝዝ ያስተማረኝ ማን ሆነና? የሁለታችሁ እጅ ግን የቀለበቷ ፈርጥ ሳይቀር ጥርት ብሏል። አልሳብከውም። ይዘኸዋል፤ ቁልፉን የተጫንከውም በሌላው እጅህ አንተው ነህ።

ቀናተኛ በለኝ። አዎ፣ እቀናለሁ! እጅ መያያዙንስ እያለቀስኩም ቢሆን በቻልኩት። የሚያንገበግበኝ፣ ያ ሁሉ ሕግህ እሷ አጠገብህ ስትቆም ከራስህ ላይ ብን ብሎ መጥፋቱ ነው። ለእሷ ጨረር ውስጥ እጅህን ከተትክ። እኔን ግን እንደ ሕጉ ጠበቅኸኝ።

ሽማግሌ ደግመህ አትላክ፤ ሰዎቹ ዳገቱን በከንቱ አይድከሙ።

እንዲያው ምናልባት ብዬ፣ እኔና አንተ አብረን ያነሳናቸውን ፊልሞች በሙሉ አውጥቼ አየኋቸው። የበጉን፣ የፈረሱን፣ የውሻውን። ያቺ የጓንቴ ጫፍ ካለችበት በቀር ሁሉም ንጹሕ ናቸው። አንዱም ላይ ጣትህ የለም።

ደህና ሁን።

ታንጉት ሻረው