ግራጫው ፉርጎ

ከሊድ፣
ከፋብሪካ ስትገባ አታገኘኝም። ቁልፉን ለአከራያችን ለእትዬ ይታይሽ ሰጥቻቸዋለሁ።
ውኃ ከመጣ ጄሪካኖቹን ሙላ። የሙጫውን ክዳን ግጠመው፣ ይደርቃል።

ቀትር ላይ ሁለት ሰዎች መጥተው ነበር። ከቆርቆሮ የምሠራቸውን ትንንሽ ፉርጎዎች አንድ በአንድ እያነሱ አዩ። ድሬዳዋ ድረስ ሄጄ አሮጌዎቹን የጭነት ፉርጎዎች በሜትር የለካሁት ለማን እንደሆነ ጠየቁኝ። ለራሴ ነው፣ ልክ የድሮዎቹን እንዲመስሉልኝ ነው ብላቸው ሳቁ። በዚህ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሰሞን እንዲህ ያለ ሳቅ ደስ አይልም። ነገ ደሴ ትፈለጋለህ ብለውኛል።
አልሄድም።
የት እንደምሆን አልጽፍልህም። መናኸሪያ ወርደህም አትፈልገኝ።

ሳልሰናበትህ በመሄዴ ይቅር በለኝ።

አንድ ነገር ግን አለ። ሰዎቹ ሲወጡ «ግራጫውስ የት አለ?» አሉኝ። ግራጫ የቀባሁት ተሳስቼ ነው። የዚያ ዘመን ፉርጎ ቡናማ እንደነበር ሳውቅ በማግስቱ ደግሜ ቀባሁት። ግራጫ ሆኖ ያየኸው አንተ ብቻ ነህ።

ከተገናኘን «ወላሂ አልተናገርኩም» እንዳትለኝ።

ጸጋው