ሽቅብ የሚፈሰው ዓባይ

ሰኞ

ዛሬም ያው! ፈተናው ላይ የኔ ክፍል፣ ሰባተኛ ሀ፣ ግማሹ «ዓባይ ወደ ግብጽ ሽቅብ ይፈሳል» ብሎ ጽፏል። ካርታው ላይ ግብጽ ከላይ ናታ። አንዱማ «ግብጾች በፓምፕ ይስቡታል» ይላል። ግሪንላንድ ከአፍሪካ ትበልጣለች፣ አፍሪካ አንድ አገር ናት የሚሉም አሉ... እንዳልሆነ ስንቴ ነገርኳቸው!

የባለቤቴ የለምለም ክፍል፣ ሰባተኛ ለ፣ ሁሉም መልሱን አግኝተውታል። ያው ፈተና፣ ያው መጽሐፍ። ዳይሬክተሩ መምህራን ሁሉ ባሉበት «ከሚስትህ ተማር እንጂ» አለኝ። እየሳቀ ነው። እኔም ሳቅሁ። የግዴን።

ማክሰኞ

እራት ላይ ሳልጠይቃት ነገረችኝ። ካርታውን ከግድግዳ አውርዳ መሬት ላይ ዘርግታው፣ ልጆቹ ዙሪያውን ቆመው አዩት። «በቃ፣ ላይና ታች የሚባል ነገር ጠፋ። ተራራዎቹን ሳሳያቸው ውሃው ወዴት እንደሚወርድ ራሳቸው ነገሩኝ» አለች።

እንዲህ ቀላል ነው። ያናደደኝም እሱ ነው። «ጥሩ ነው» አልኩ። አንድ ትሪ ላይ እየበላን ቀና ብዬ አላየኋትም።

ረቡዕ

እኔም ካርታውን መሬት ላይ ዘረጋሁ። የማን ሐሳብ እንደሆነ አልተናገርኩም። አንዷ፣ «ቲቸር፣ ይሄንንማ ቲቸር ለምለም በእረፍት ሰዓት አሳይታናለች!» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ሁሌ ካዛንቺስ ወዳለው ቤታችን አብረን ነው የምንመለሰው። ዛሬ ስብሰባ አለብኝ ብዬ ዋሸኋትና ቂርቆስ ዙሪያ ብቻዬን ስዞር አመሸሁ። የገዛ ሚስቴን! ምን ነካኝ?

ሐሙስ

ካርታውን ደግሜ ዘረጋሁት። በግብጽ በኩል የቆመችው ሃና፣ «ቲቸር፣ በኔ በኩል ኢትዮጵያ ናት ከላይ» አለች።

ከዛ ካርታውን ገልብጬ፣ ደቡብን ወደ ላይ አድርጌ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት። ጩኸት! «ተዘቅዝቋል!» «ታዲያ ሰሜንን ማን ነው ላይ ያደረገው?» አልኳቸው። «የሳለው ሰው ነዋ!» አለ ያ የፓምፑ ልጅ። ደወሉ ተደውሎም ክርክሩ አልቆመም። እንዲህ ሆነው አያውቁም።

አርብ

ዛሬ ከለምለም ጋር አብረን ተመለስን። ባምቢስ ሱፐርማርኬት ጋ ስንደርስ፣ «የኔ ልጆች ዛሬ ምን አሉኝ መሰለህ? የቲቸር ተስፋዬን ካርታ እንይ» አለች።

«እና?»

«እናማ... እኔ ለምን አላሰብኩትም?»

ቀናች! ለምለም ቀናችብኝ። መጻፉ ያሳፍራል፣ ግን ደስ አለኝ። «እኔ ሳምንቱን ሙሉ በቅናት ስቃጠል ነው የከረምኩት» አልኳት።

«አውቄያለሁ ባክህ» ብላ ሳቀች። ክንዴን ያዘችኝ። «ሰኞ ክፍል እንቀያየራ።»

እስካሁን አልመለስኩላትም። የኔዎቹ ከኔ አስበልጠው ከወደዷትስ?