የኖርማን ሃድል ጀርባ

ዊልፍ፣

እዚህ ለሽርሽር የመጣንበት ስካርቦሮ፣ ባሕሩ እንደ ሰፈራችን ሰማይ ግራጫ ነው። ዛሬ በአንድ ጥብስ መሸጫ ሱቅ አሳና ድንች የጠበሰልን ማን መሰለህ? ኖርማን ሃድል፣ የራግቢ ክለባችን የድሮው ጀግና። ያ ጠማማ አፍንጫው ባይኖር አላውቀውም ነበር።

ወንድሜ አርኖልድ ገና ሳያዝዝ፣ "በዋንጫው ፍጻሜ ኳሷን ታቅፈህ የግብ መስመሩን ስታልፍ ስድስት ሰው ጀርባህ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር" ብሎ ጀመረው።

ኖርማን ድንቹን እያገላበጠ፣ "ሁለት ናቸው። አንደኛው እንዲያውም የኛው ተጫዋች ነው፤ ተደናቅፎ ወደቀብኝ" አለ።

አርኖልድ ተቆጣ። "አንተ በምን አወቅህ? ጀርባህ ላይ ዓይን የለህም። እኛ ዝናብ እየወረደብን ቆመን ቆጥረናል።"

ሰውየው አንዳንድ ቁራጭ አሳ ጨመረልን። የገዛ ታሪኩን ቀማነው ብዬ አፈርኩ።

ስንወጣ ግን ከኋላችን ተሰልፋ ለነበረችው ሴትዮ፣ "ሰባት ነበሩ እኮ" ሲላት ሰማሁት።

አንተ እዚያ ሰፈራችን መጠጥ ቤት ሃያ ዓመት ሙሉ "አምስት ናቸው" እያልክ ስንቱን አስቀይመሃል። ፖስት ካርዱ ሞላብኝ፤ ባለቤትህን ኢኒድን ሳምልኝ፣ አንተም እስክመለስ በአምስቱ ላይ ሁለት ሰው ጨምርበት።

ክሊፎርድ