የፊተኛው ወንበር

ለወንድሜ ለአለልኝ፦ እስካሁን አንበሳ ካልበላህ ሰላምታዬ ይድረስህ። እኛ መተማ ከሙቀቱ በቀር ደህና ነን።

ቱሪስት ይዘህ ነጭሳር ፓርክ የተነሳኸው ፎቶ ደረሰን። አባባ የሜዳ አህያዋን አይተው፣ «ሱዳን፣ ገላባት ብትሻገር ጥሩ ዋጋ ታወጣለች፤ ግን ማነው ቀለም የቀባባት?» አሉ። ጎረቤቱ ሲስቅ እሳቸው የምራቸውን ነበር።

እኔ ግን ያየሁት መኪናህን ነው። ከፊት የተቀመጠችው ማናት? ቱሪስት አትመስልም፤ ያንተን ባርኔጣ አድርጋለች። «አልጣሽ ፓርክ ወስጄ ዝሆን አሳይሻለሁ» ስትለኝ ያ ወንበር የኔ ነበር። እማዬም ፎቶውን ካየች ወዲህ «ይዟት ይመጣል» ብላ አልጋህ ላይ ማንንም አታስተኛም።

ክረምት ከገባ መኪና በዚህ ጭቃ አያልፍም፤ ቶሎ ና። እሷም ትምጣ፣ እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ።

ለሜዳ አህዮቹ ሰላም በልልኝ። እሷን ግን እዚሁ ራሴ ሰላም እላታለሁ።

እህትህ ማህደር